መታወቂያ የሚጠይቋችሁ ስትገቡ ነው ወይስ ስትወጡ? የክሪፕቶ ኤክስቼንጅ አመራረጥ

ስክሪኑ «በሂደት ላይ» ይላል። ከ2 ሰዓት በኋላም «በሂደት ላይ»። ተኝቼ ስነሳም ያው ነው። 630 ዩኤስዲቲ (የዶላርን ዋጋ የሚከተል ክሪፕቶ) ከአንድ ኤክስቼንጅ፣ ማለትም ክሪፕቶ ከሚገበያዩበት ቦታ፣ ወደ ራሴ ዋሌት (ቁልፉ በእኔ እጅ ወዳለ የክሪፕቶ ቦርሳ) ላወጣ ነበር። በ3ኛው ቀን ኢሜይል መጣ። «ለደህንነትዎ ሲባል አካውንትዎ ተገድቧል። እባክዎ ማንነትዎን ያረጋግጡ።»

ያን አካውንት ስከፍት የጠየቁኝ ኢሜይልና የይለፍ ቃል ብቻ ነበር። ገንዘብ ሳስገባ «ማን ነህ?» ያለኝ የለም። 8 ወር ሙሉ ስገዛ ስሸጥ ኮሚሽናቸውን ቆረጥ እያደረጉ ዝም አሉ። ማንነቴ ድንገት ያሳሰባቸው ላወጣ ስል ነው።

ፓስፖርቴን ፎቶ አንስቼ ላክሁ። ተመለሰ፤ የመብራት ነጸብራቅ አለበት ተባለ። መስኮት አጠገብ ሄጄ ደገምኩት፤ አለፈ። ቀጥሎ ፓስፖርቴንና የዕለቱ ቀን በእጅ የተጻፈበት ወረቀት ይዤ ሰልፊ እንድነሳ ታዘዝኩ። በአንዱ እጅ ፓስፖርት፣ በሌላው ወረቀት፤ ስልኩን በምን ልያዘው? መጽሐፍ ደራርቤ አስደገፍኩት፣ የካሜራውን ቆጣሪ 10 ሰከንድ ላይ አድርጌ ሮጥኩ። ከዚያ የአድራሻ ማረጋገጫ መጣ። ስሜ በአንዱ ሰነድ ሙሉ፣ በሌላው ባጭሩ ስለተጻፈ እሱም ተመለሰ። ከዚያ ደግሞ «የገንዘቡን ምንጭ ያስረዱ»። በ19ኛው ቀን ተለቀቀ። ይቅርታ የለ፣ ማብራሪያ የለ።

ከዚያ ወዲህ ኤክስቼንጅ ስመርጥ የምጠይቀው ጥያቄ ተለወጠ። ድሮ «መታወቂያ ይጠይቃሉ ወይስ አይጠይቁም?» ነበር የምለው። አሁን «መቼ ነው የሚጠይቁት?» እላለሁ። ገንዘባችሁን በእጁ የሚይዝ ድርጅት አንድ ቀን መጠየቁ አይቀርም። ዋናው ነገር በዚያ ሰዓት ገንዘቡ በማን እጅ ነው የሚለው ነው። በእናንተ እጅ ከሆነ፣ ጥያቄው ካልጣማችሁ ትታችሁ ትሄዳላችሁ። በእነሱ እጅ ከሆነ ግን ሥራችሁ መለመን ይሆናል።

ለምን ይጠይቃሉ? ለምንስ ዝም ይላሉ?

ሁሉም ጥያቄ ተንኮል አይደለም። መቀመጫው ፓሪስ የሆነው፣ የገንዘብ ማጠብን ለመከላከል አገሮች ያቋቋሙት የፋይናንስ እርምጃ ግብረ ኃይል በ2019 መመሪያውን አጠበቀ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ክሪፕቶ የሚያገበያዩ ድርጅቶች ልክ እንደ ባንክ ደንበኛቸውን ይወቁ አለ። ከ1,000 ዶላር ወይም ዩሮ በላይ ሲላክም የላኪና የተቀባይ መረጃ አብሮ ይሂድ አለ። አገሮች ይህን እየተቀበሉ በየሕጋቸው አስገቡት።

ኤክስቼንጆቹ ግን በአንድ ጀምበር አልተለወጡም። ባይናንስ ላይ እስከ 2021 አጋማሽ ድረስ ያለ መታወቂያ በቀን እስከ 2 ቢትኮይን ማውጣት ይቻል ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ማንነት ማረጋገጥ የግድ ሆነ። ባይቢት በግንቦት 2023፣ ኩኮይን በሐምሌ 2023 ተከተሉ። ቅጣቱም መጣ። ባይናንስ በኅዳር 2023 ለአሜሪካ መንግሥት ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። ኩኮይንና ኦኬኤክስ በ2025 መጀመሪያ ጥፋታቸውን አምነው በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር ተቀጡ።

ከዚህ የምወስደው ቀላል ነው። ዛሬ «ኬዋይሲ (የደንበኛ ማንነት ማረጋገጫ) የለም» የሚል ኤክስቼንጅ ነገ ደንቡን ሊቀይር ይችላል፤ እናንተ ውስጥ እያላችሁም ጭምር። ስለዚህ ደንብ ሲቀየር ነባር ደንበኛን እንዴት ያደርጉታል የሚለውም አንዱ መመዘኛዬ ነው። ባይናንስ በ2021 ያላረጋገጡትን ነባር ደንበኞች አዲስ ግብይት ከለከላቸው፤ ገንዘባቸውን አውጥተው እንዲሄዱ ግን የጊዜ ገደብ ሰጣቸው። መውጫው ክፍት ነበር ማለት ነው። ደንብ ሲቀይር መጀመሪያ መውጫውን የሚዘጋ ድርጅት ካያችሁ ግን ሌላ ምልክት አትጠብቁ።

ዝምታቸውም ምክንያት አለው። አንድ ድርጅት በአንድ ዝውውር ላይ ጥርጣሬ ካደረበት ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ሪፖርት ያደርጋል። ሪፖርት ማድረጉን ለደንበኛው መንገር ደግሞ ክልክል ነው። እንግሊዝን እንውሰድ። ድርጅቱ ዝውውሩን ለማስኬድ ፈቃድ ከጠየቀ ባለሥልጣኑ 7 የሥራ ቀን አለው። ከከለከለ ገንዘቡ ለተጨማሪ 31 ቀን ሳይንቀሳቀስ ይቆያል፤ ፍርድ ቤትም ሊያራዝመው ይችላል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቻት ላይ የምታገኙት «ጉዳይዎ በሚመለከተው ክፍል እየታየ ነው» ብቻ ነው። ቻት ላይ የሚመልስላችሁ ልጅ እውነቱን ቢያውቅም አይነግራችሁም። ምናልባትም ጭራሽ አያውቀውም።

ችግሩ ይህ ዝምታ ለተንኮለኛውም ይመቸዋል። ከውጭ ሆኖ ሁለቱን መለየት ከባድ ነው። ለዚህ ነው ሥራው ገንዘብ ከማስገባት በፊት የሚሆነው።

በር ላይ የሚጠይቁት

እነ ኮይንቤዝ፣ ክራከን፣ ቢትስታምፕ ያሉበት ጎራ ነው። መጀመሪያ መታወቂያ፣ ቀጥሎ የፊት ቪዲዮ፣ አንዳንዴም የአድራሻ ማረጋገጫ ትሰጣላችሁ። ገንዘብ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። አሰልቺ ነው፤ ግን ካልተቀበሏችሁ የምታጡት አንድ ከሰዓት ብቻ ነው።

ትልቁ ጥቅም አቤት የሚባልበት ቦታ መኖሩ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሚካ የተባለው የክሪፕቶ ሕግ ከታኅሣሥ 30 ቀን 2024 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ውሏል። በዚያ ሕግ ፈቃድ ያለው ድርጅት የደንበኛን ቅሬታ ያለ ክፍያ ተቀብሎ የሚያይበት ሥርዓት እንዲኖረው ይገደዳል። ፈቃዱን ግን ራሳችሁ አጣሩ። ድርጅቱ የሰጣችሁን ሊንክ ሳይሆን የተቆጣጣሪውን ድረ ገጽ ከፍታችሁ ስሙን ፈልጉ። አንድ የተለመደ ብልጠት አለ፤ «በአሜሪካ የኤምኤስቢ (የገንዘብ አገልግሎት ድርጅት) ፈቃድ አለን» ይላሉ። እሱ ምዝገባ ነው እንጂ መንግሥት «ይህን ድርጅት እመኑት» ያለበት ወረቀት አይደለም። ፎርም የሞላ ሁሉ ይመዘገባል ማለት ይቻላል።

ጉዳቱስ? አንደኛ፣ ሰነዳችሁ እነሱ ጋ ይቀራል፤ አካውንቱን ከዘጋችሁ በኋላም ቢያንስ ለ5 ዓመት። ሊሰረቅም ይችላል። በግንቦት 2025 ኮይንቤዝ ራሱ እንዳስታወቀው፣ ወንጀለኞች የደንበኛ አገልግሎት ሠራተኞችን በጉቦ ይዘው ወደ 70,000 የሚጠጉ ሰዎችን መረጃ አወጡ። ስም፣ አድራሻ፣ የመታወቂያ ፎቶ ሳይቀር። 20 ሚሊዮን ዶላር ቢጠየቅም አልከፍልም አለ። የመታወቂያችሁ ፎቶ ግን አንዴ ከወጣ እንደ ይለፍ ቃል አይቀየርም።

ሁለተኛ፣ ፈቃድ ያለውም ያግዳል። በብዛት የሚታገደው ደግሞ ራሱ በፈጠረው ችግር ነው። አገሩ ስላልተፈቀደለት በቪፒኤን (ያለበትን አገር በሚደብቅ ፕሮግራም) የገባ፣ በወንድሙ መታወቂያ የከፈተ፣ «የተረጋገጠ አካውንት» ከቴሌግራም የገዛ። በሰው መታወቂያ የተከፈተ አካውንት ለወራት ያለ ችግር ሊሠራ ይችላል። አንድ ቀን መጠኑ ከፍ ሲል ስልኩ «ፊትዎን ወደ ግራ ያዙሩ» ይላል። ያን ጊዜ መፍትሔ የለውም። ኤክስቼንጁ ሕግ አክባሪ ሆኖ፣ ጥፋተኛው እናንተ ሆናችሁ፣ ገንዘቡ ተይዞ ይቀራል። አገራችሁን የማይቀበል ኤክስቼንጅ ከሆነ ተዉት። በጓሮ አትግቡ።

መውጫ ላይ የሚጠይቁት

እኔን 19 ቀን ያንከራተተኝ ዓይነት ነው። ኢሜይል ብቻ ብሎ ያስገባል። የገንዘብ ማውጫ ገደብ ሠንጠረዡ ላይ «ያላረጋገጠ ደንበኛ በቀን እስከዚህ ድረስ ማውጣት ይችላል» ይላል። ሰው ሠንጠረዡን አይቶ ይገባል። የአገልግሎት ውሉን የሚያነብ የለም፤ እኔም አላነበብኩም ነበር።

አሁን ውሉን ሙሉውን አላነብም፤ ቃላት እፈልጋለሁ። «ማገድ»፣ «ማረጋገጥ»፣ «በብቸኛ ውሳኔያችን»፣ «የቦዘነ አካውንት»። ብዙ ጊዜ የምታገኙት እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ «በማንኛውም ጊዜ፣ በብቸኛ ውሳኔያችን ተጨማሪ ሰነድ ልንጠይቅ እንችላለን፤ እስኪቀርብም አገልግሎቱን ልናቆም እንችላለን።» ይህ ዓረፍተ ነገር በደህናዎቹም ውል ውስጥ አለ። የሚለየው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ስንት ቀን? ካልተቀበሉስ ገንዘቡ ወደ መጣበት ይመለሳል? የቅሬታ አድራሻ አለ? የትኛው አገር ፍርድ ቤት ነው የሚዳኘው? ከአራቱ አንዱንም ካጣችሁ የሠንጠረዡ ቁጥር ማስታወቂያ ነው።

እኔ ይህን ጎራ ለማንም አልመክርም። ከገባችሁበት ደግሞ አንድ ነገር አድርጉ። መታወቂያ ባይጠይቁም ገንዘብ ከማስገባታችሁ በፊት ማረጋገጫውን ራሳችሁ ጨርሱት። ካለፋችሁ አለፋችሁ። ካላለፋችሁ ባዶ አካውንት ነው የታገደው። ማረጋገጫ መስጠት አልፈልግም የምትሉ ከሆነ ግን ይህ ጎራ መጀመሪያውኑ የእናንተ አይደለም። ከታች ያሉትን እዩ።

አካውንት የሌላቸው ፈጣን መለወጫዎች

ቢትኮይን ትልካላችሁ፣ በሌላ ሳንቲም (በሌላ የክሪፕቶ ዓይነት) ይመለስላችኋል። ምዝገባ የለም። 15 ደቂቃ። ሲሠራ ደስ ይላል።

የማይነገረው እዚህ ነው። የላካችሁት ሳንቲም ሲደርስ ታሪኩ ይመረመራል። እንደ ቼይናሊሲስና ኤሊፕቲክ ያሉ ድርጅቶች እያንዳንዱ አድራሻ ከማን ጋር እንደተነካካ እየተከታተሉ የአደጋ ነጥብ ይሰጣሉ። ሳንቲሙ እናንተ ጋ ከመድረሱ በፊት፣ ከ3 እና ከ4 እጅ በፊት፣ ከተጠለፈ ኤክስቼንጅ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። እናንተ ምንም አታውቁም። ነጥቡ ከፍ ካለ ግን ልውውጡ መሃል ላይ ይቆማል። ሳንቲሙ ሄዷል፤ ምትኩ አልመጣም። «ፓስፖርትና የገንዘቡን ምንጭ ይላኩ» የሚል መልእክት ይመጣል። አካውንት ስለሌላችሁ በእጃችሁ ያለው አንድ የልውውጥ ቁጥር ብቻ ነው።

ስለዚህ እነዚህን ሳወዳድር ዋጋቸውን መጨረሻ ላይ ነው የማየው። መጀመሪያ የማየው ነጥቡ ከፍ ሲል ምን እንደሚያደርጉ ነው። አንዳንዶቹ «አንቀበልም» ብለው ወደ ላኩበት አድራሻ ይመልሱታል። ሌሎቹ «ካላረጋገጡ አንመልስም» ይላሉ። በደንባቸው ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ካልተጻፈ ሁለተኛው ነው ብላችሁ ቁጠሩት።

ሌላም አለ። ከኤክስቼንጅ አካውንታችሁ በቀጥታ ወደነዚህ አትላኩ። ኤክስቼንጁ የሚልክበት አድራሻ የእናንተ ብቻ አይደለም። «ወደ መጣበት መለስንለት» ቢሉ ገንዘቡ የት እንደሚገባ እግዜር ይወቀው። መጀመሪያ ወደ ራሳችሁ ዋሌት፣ ከዚያ ወደ መለወጫው። መጠኑም ቢጠፋ እንቅልፍ የማይነሳችሁ ይሁን።

ሰው ለሰው፣ ወይም ፒቱፒ

በትልልቅ ኤክስቼንጆች ውስጥ ያለው ፒቱፒ ያው ኬዋይሲ ይፈልጋል። ኤክስቼንጁ የሻጩን ሳንቲም ይዞ ይቆያል፣ ገዢው መክፈሉ ሲረጋገጥ ይለቀቃል። እዚህ ኤክስቼንጁ ከሚያግድባችሁ ይልቅ ባንኩ የሚያግድባችሁ ይበዛል። የምትሸጡለት ሰው ከተጭበረበረ ሰው አካውንት ቢከፍላችሁ፣ የተጭበረበረው ሰው ሲያመለክት ባንካችሁ የእናንተን ሒሳብ ይይዛል። መድኃኒቱ አንድ ነው። የከፈለው ሰው ስምና ፕሮፋይሉ ላይ ያለው ስም ካልተመሳሰሉ ሳንቲሙን አትልቀቁ፤ ገንዘቡ ይመለስ። «የእህቴ አካውንት ነው» ቢላችሁም እንዲሁ።

ያለ ድርጅት የሚሠራም አለ። ቢስክ በ2014 ሥራው የተጀመረ ፕሮግራም ነው፤ ኮምፒውተራችሁ ላይ ትጭኑታላችሁ። ገዢም ሻጭም መያዣ ያስቀምጣሉ፤ ያጭበረበረ መያዣውን ያጣል። መታወቂያ የሚጠይቅ ድርጅት የለም። በምትኩ ገበያው ቀጭን ነው፣ ዋጋው ወደድ ይላል፣ አንድ ግብይት ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ትዕግሥት ላለው ሰው ጥሩ ነው። ሎካልቢትኮይንስ የተባለው የጥንቱ ፒቱፒ ግን ድርጅት ስለነበረ ኬዋይሲ ጀመረ፤ በ2023 ጭራሽ ተዘጋ። ድርጅት ካለ ጥያቄው ይመጣል ያልኩት ለዚህ ነው።

ያልተማከለ ኤክስቼንጅ

ዩኒስዋፕና መሰሎቹ፤ ገንዘባችሁን የሚይዝ ድርጅት ሳይሆን ኮድ የሚያገበያይባቸው። ዩኒስዋፕ ከ2018 ጀምሮ አለ። ገንዘቡ ከዋሌታችሁ ሳይወጣ ስለሚለወጥ የሚይዝባችሁ የለም። ወደ ባንክ ገንዘብ ግን አይቀይርላችሁም፤ አንድ ቀን ወደ ላይኛው ጎራ መመለሳችሁ አይቀርም። አድራሻ ብትሳሳቱም የምትደውሉለት የለም።

አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር። ዩኤስዲቲና ዩኤስዲሲ (ሁለቱም የዶላርን ዋጋ የሚከተሉ) በራሳችሁ ዋሌት ውስጥ ሆነውም ሊታገዱ ይችላሉ። ያወጧቸው ድርጅቶች ቴዘርና ሰርክል አንድን አድራሻ ማገድ የሚያስችል ሥልጣን በሳንቲሙ ኮድ ውስጥ አላቸው። ነሐሴ 2022 አሜሪካ ቶርኔዶ ካሽን (የክሪፕቶን ዱካ የሚያደባልቅ አገልግሎት) በማዕቀብ ስትቀጣ ሰርክል በተዘረዘሩት አድራሻዎች ላይ የነበረውን ዩኤስዲሲ አግዷል። ቢትኮይን እንዲህ ያለ ማገጃ የለውም።

ታዲያ የቱ?

ከባንክ ገንዘብ ወደ ክሪፕቶ ወይም ከክሪፕቶ ወደ ባንክ የምትቀይሩ ከሆነ ፈቃድ ያለው፣ በር ላይ የሚጠይቅ። አንድን ሳንቲም በሌላ ለመለወጥ ብቻ ከሆነ ያልተማከለው፤ እዚያ የማይገኝ ከሆነ በትንሽ በትንሹ ፈጣን መለወጫ። ሰነዴን ለማንም አልሰጥም ለሚል ቢስክን የመሰለ፣ ዝግታውን ተቀብሎ። በየትኛውም ቢሆን ኤክስቼንጅ ገበያ እንጂ ጎተራ አይደለም፤ ገዝታችሁ ስትጨርሱ ውጡ። ኤፍቲኤክስ የተባለው ኤክስቼንጅ በኅዳር 2022 ሲከስር የብዙ ሰው ገንዘብ እዚያው ነበር። ከዓመታት በኋላ ክፍያው ሲጀመር ድርሻችሁን ለመውሰድ ምን ያስፈልግ ነበር? ማንነት ማረጋገጥ። ድርጅቱ ሞቶም ጠየቀ።

ትንሽ አስገብቶ ትንሽ አውጥቶ መሞከር ጥሩ ልማድ ነው፤ ግን ብቻውን አትመኑት። ሐሰተኛ ኤክስቼንጆች የመጀመሪያዋን 50 ዶላር በደስታ ይለቃሉ። ትልቁን እንድታመጡ ነው።

አሁን ተይዞባችሁ ከሆነ

መጀመሪያ ለሁሉም ነው የቆመው ወይስ ለእናንተ ብቻ? በሰኔ 2022 ሴልሺየስ የተባለው የክሪፕቶ አበዳሪ ድርጅት የሁሉንም ደንበኛ ገንዘብ ማውጣት አቆመ፤ በወሩ ከሰረ። ለሁሉም ከቆመ ጉዳዩ ኬዋይሲ አይደለም፣ ገንዘቡ የለም ማለት ሊሆን ይችላል። ለእናንተ ብቻ ከሆነ ተረጋጉ።

አካውንቱ ገና የሚከፈትላችሁ ሳለ የግብይት ታሪኩን ሙሉውን አውርዱ። ያስገባችሁበትን የዝውውር ቁጥር፣ የቻቱን ስክሪንሾት አስቀምጡ። በኋላ መግባት ሊከለከል ይችላል። ሁለተኛ አካውንት አትክፈቱ። ሰነድ አታስተካክሉ፣ በፎቶሾፕ የተነካች አንዲት ፊደል ጉዳዩን ወደ ማጭበርበር ትቀይረዋለች። ከዚያ ባንድ ኢሜይል ጠይቁ፤ የትኛው ሰነድ ነው የጎደለው? በውሉ በየትኛው አንቀጽ ነው የያዛችሁት? እስከ መቼ? ወደ መጣበት አድራሻ መመለስ ይቻላል? የገንዘብ ምንጭ ሲጠይቁ ታሪክ አትጻፉላቸው። የደመወዝ ወረቀት፣ የባንክ መግለጫ፣ መጀመሪያ የገዛችሁበት ደረሰኝ፤ ቀኑና መጠኑ እርስ በርሱ የሚገናኝ። መልስ ካጣችሁ መደበኛ ቅሬታ፣ ከዚያ ተቆጣጣሪው።

«ለማስለቀቅ መጀመሪያ 20 በመቶ ግብር ይክፈሉ» ወይም «ማረጋገጫ ዲፖዚት ያስገቡ» ካሏችሁ ግን ይህን ሁሉ ተዉት። እውነተኛ ኤክስቼንጅ የሚፈልገው ክፍያ ካለ እጁ ላይ ካለው ሒሳባችሁ ይቆርጣል። አዲስ ገንዘብ አምጡ አይልም። አንድም ሳንቲም አትጨምሩ፤ ለፖሊስ አመልክቱ።

እኔ ገንዘቤ እንደተያዘ በአደባባይ በጻፍኩ በግማሽ ሰዓት ውስጥ 4 ሰዎች በቴሌግራም መጡ። ሦስቱ «እኛ እናስመልስልሃለን፣ ቅድሚያ ትንሽ ክፈል» አሉ። አራተኛው የኤክስቼንጁን አርማ ፕሮፋይሉ ላይ ለጥፎ በትሕትና ነው ያናገረኝ። «ጉዳይዎን ዛሬውኑ እንጨርሳለን» ብሎ የዋሌቴን 12 ቃላት፣ ማለትም ዋሌቱን የሚከፍተውን ምስጢራዊ ቁልፍ፣ ጠየቀኝ። ኤክስቼንጁ ራሱ በ19 ቀን ውስጥ ያልጠየቀኝ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።